ብሬክፋስት ጾም ይሰብራል፣ ቁርስ ዳቦ ይቆርሳል

ጥያቄው የአንድ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስፍረው፦

«የ7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ ብሬክ ዕረፍት ከሆነ፣ ፋስት ደግሞ ፈጣን ከሆነ፣ ብሬክፋስት ፈጣን ዕረፍት ማለት ነዋ?› አለኝ። አዎ ብዬ አለፍኩት። ፈረንጆቹ ጠዋት ቶሎ ቶሎ በልተው ወደ ሥራ ስለሚሮጡ ነው ብዬም አብራራሁ። ስታፍ ገብቼ ይህን ሳወራ አንድ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። ‹ጾም መግደፍ ማለት ነው፤ ድሮ በሁዳዴ ማብቂያ የሚበላ ምግብ ነበር› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹የኛ ቁርስ ራሱ ከዚያ የተተረጎመ ነው፤ ቆረሰ ማለት ብሬክ አይደል?› ብሎ ጨመረበት። የማንን ልያዝ? ደግሞስ ግሱን ብሬይክ እያልን ምግቡን ለምን ብሬይክፋስት አንለውም?»

የተማሪዎ ጥያቄ ከእርስዎ መልስ ይበልጣል። ልጁ ቃሉን ለሁለት ከፈለ፣ የየክፍሉን ትርጉም ፈለገ፣ መልሶ ገጠመው። መንገዱ ትክክል ነው። የሳተው ሁለቱም ቃላት እሱ የማያውቀው ሌላ ትርጉም ስላላቸው ብቻ ነው። የሳቁብዎት ባልደረባዎ ግማሽ መንገድ ደርሰዋል። ሦስተኛው ሰው ተሳስተዋል፤ ግን ከሁሉም የሚጥመው ነገር ያለው እሳቸው ያነሱት ላይ ስለሆነ ወደ በኋላ አቆየዋለሁ።

«ፈጣን ዕረፍት»ን የሚጥለው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛ ገላጩን ከፊት ያስቀምጣል። ፋስት ፉድ ይባላል እንጂ ፉድ ፋስት አይባልም። ቅርጫት ኳስ የሚወዱ ተማሪዎች ካሉዎት ፋስት ብሬክን ያውቁታል። ኳስ ነጥቆ፣ ተከላካዮቹ ሳይሰበሰቡ መሮጥ ነው። እዚያ ፋስት እውነትም ፈጣን ነው፣ የቆመውም ከፊት ነው። ቁርስ «ፈጣን ዕረፍት» ቢሆን ኖሮ ስሙ ፋስትብሬክ ይሆን ነበር።

ዕድሜውም አይገጥምም። ብሬክ «የዕረፍት ሰዓት» የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ብሬክፋስት ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ ይገኛል። በ1463 አንድ የእንግሊዝ ቤት የወጪ መዝገብ ላይ ለብሬክፋስት 11 ፔኒ ወጣ የሚል መስመር አለ። ያኔ ኮፊ ብሬክ የሚባል ነገር የለም። ኮፊው ራሱ ገና እንግሊዝ አገር አልደረሰም።

ስለዚህ ብሬክ እዚህ ቦታ ግስ ነው፤ ሰበረ፣ አቋረጠ። ፋስት ደግሞ ስም ነው፤ ጾም። ግሱ ስሙን ይሰብረዋል። የሁለቱ ድምር ጾሙን የሚያቋርጠው ምግብ ስም ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለክፍልዎ የሚጠቅመው ይህ ነው። ቱዝብረሽን ይውሰዱ። ቱዝብረሽ ብሩሽ ነው፤ የየትኛው አካል ብሩሽ እንደሆነ የፊተኛው ቃል ይነግረናል። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል እንዲህ ነው፤ ዋናው ቃል ከኋላ ይቀመጣል። ብሬክፋስት ከዚህ ወገን አይደለም። ጾም አይደለማ፣ ምግብ ነው። ዘመዶቹ እነ ፒክፖኬት ናቸው። ፒክፖኬት ኪስ አይደለም፣ ሌባ ነው። ስኬርክሮው ቁራ አይደለም፣ ማሳ መሃል ቆሞ ቁራ የሚያስፈራራ ጨርቅ ለባሽ እንጨት ነው። ግስ ከፊት፣ ግሱ የሚያርፍበት ነገር ከኋላ፣ ድርጊቱን የሚሠራው ግን በቃሉ ውስጥ የለም።

አማርኛም ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ግሱን ወደ ኋላ ከማዞሩ በቀር። ኪስ አውላቂ ኪስ አይደለም። ጆሮ ጠቢ ጆሮ አይደለም። ልብ አውልቅ የሚባለው ሰው ደግሞ፣ ክፍልዎ ውስጥ አንድ ሁለት አይጠፋም፣ ልብ አይደለም። በእነዚህ ይጀምሩላቸው። ይስቃሉ፣ ከሳቁ በኋላ ብሬክፋስት አይከብዳቸውም።

ልጁ ግን አይለቅዎትም። «እሺ፣ ፋስት እንዴት ፈጣንም ጾምም ሆነ?» ይልዎታል። «ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አጋጣሚ ነው» ብለው እንዳያመልጡ፤ አጋጣሚ አይደለም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የእናትየው ትርጉም ግን ፈጣንም ጾምም አልነበረም። «የጸና፣ የጠበቀ፣ የማይነቃነቅ» ነበር።

ቅሪቱ ዛሬም አለ። አውሮፕላን የተሳፈረ ሁሉ ፋሰን ዩር ሲት ቤልት ሲባል ሰምቷል። ቀበቶዎን ያፍጥኑ አይደለም፣ ያጥብቁ ነው። ፋስት አስሊፕ የሚባለው ሰው ቶሎ የተኛ አይደለም፤ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰደው፣ ቢጠሩት የማይሰማ ነው። ስቴድፋስት በአቋሙ የጸና ነው። እንዲያውም መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልነቃነቅ ሲል ስታክ ፋስት ይሉታል። ፈጣን ማለት ብቻ ነው ብሎ የያዘ ሰው ይህችን ሲሰማ መደናገሩ አይቀርም፤ የቆመ መኪና እንዴት ፈጣን ይባላል?

ከዚህ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ወጣ። አንደኛው ራስን አጥብቆ መያዝ ነው፤ ሆድን መግዛት፣ ሥርዓት መጠበቅ። ይህ ጾም ሆነ። ጎቲክ በሚባለው፣ አሁን በጠፋው የእንግሊዝኛ ዘመድ ቋንቋ፣ ፋስታን የሚለው ግስ መጠበቅም መጾምም ነበር። ይህ ለኛ ሩቅ አይደለም። እኛም ጾም እንይዛለን። «ጾሙ ሰኞ ይያዛል» እንላለን። ሲያልቅ ደግሞ ይፈታል። እኛ ይዘን እንፈታለን፣ እነሱ ይዘው ይሰብራሉ።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ በተውሳከ ግስ በኩል መጣ። መጀመሪያ ፋስት መታ ማለት አጥብቆ መታ ነበር። ፋስት ሮጠ ማለትም ጠንክሮ ሮጠ ማለት ነበር። ጠንክሮ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ቀስ በቀስ ጥንካሬው ተረሳና ፍጥነቱ ቀረ። እንግዲህ ያው አንድ ቃል «አልነቃነቅም»ም «እበራለሁ»ም ማለት ጀመረ። ቋንቋ እንዲህ ሲያደርግ ማንንም አያስፈቅድም።

አሁን ወደ ሳቁብዎት ባልደረባ። «ጾም መግደፍ» ማለታቸው ጥሩ ትርጉም ነው፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ጥሩ። ገደፈ ልክ እንደ ብሬክ ሁለት ፊት አለው። ፋሲካ ሌሊት ዶሮ የቀመሰ ጾም ገደፈ ይባላል። ረቡዕ መሆኑን ረስቶ ክትፎ ያዘዘም ገደፈ ይባላል። አንዱ ጨረሰ፣ አንዱ ጣሰ። ብሬክም እንደዚያው ነው፤ ሕግም ይጥሳል፣ ጾምም ይፈታል። ፈታ ግን መልካሙን ፊት ብቻ ነው የያዘው።

ሁዳዴ ላይ ግን ባልደረባዎ ስተዋል። በብሬክፋስት ውስጥ ያለው ጾም የሁዳዴ ጾም አይደለም። የሌሊቱ ነው። ከማታው ማዕድ እስከ ጠዋቱ ቁራሽ ድረስ ያለው ባዶ ሆድ ነው። ሰው ተኝቶ ስለማይበላ በየቀኑ ይጾማል፣ በየቀኑም ይፈታል። ስለዚህ የሚሰበረው ጾም የዓመት ሳይሆን የቀን ነው።

ሃይማኖት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የሚቀድስ ካህንና የሚቆርብ ምእመን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቀምሱም ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀኑ በጸሎት ይከፈታል፣ ከዚያ አፍ ይከፈታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኳይናስ የሆዳምነት ዓይነቶችን ሲቆጥር፣ ያለ ሰዓቱ ቀድሞ መብላትንም ከመካከላቸው አስገብቶታል። በዚያ ዘመን ጎህ ሲቀድ ዳቦ የሚፈቀድላቸው ሕጻናት፣ ሕሙማንና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። ጤነኛ፣ ባለጸጋና ጎልማሳ ሰው ጠዋት ሲያኝክ ከታየ ትንሽ ያሳፍረው ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው ቁርስ በእንግሊዝ የማንም ሰው መደበኛ ማዕድ እየሆነ የሄደው።

ከዚያስ በፊት ስም አልነበረውም? ነበረው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሞርገንሜተ ይባል ነበር፤ የጠዋት ምግብ። ሜተ የዛሬው ሚት ነው። ያኔ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሚበላ ነገር ሚት ነበር። ስዊድን አገር ዛሬም ማት ምግብ ነው።

ይህንን ሁሉ አውቄ እንኳ አሁንም የሚገርመኝ የዲነር ነገር ነው። ላቲን ለጾመኛ፣ ለባዶ ሆድ፣ ጀጁኑስ የሚል ቃል ነበረው። ሕክምና የሚማሩ ልጆች ካሉዎት ጀጁነም የሚባለውን የትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ያውቁታል። የጥንት ሐኪሞች ሬሳ ሲከፍቱ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ስላገኙት ነው «ጾመኛው» ያሉት። ከዚህ ቃል ፊት «ማፍረስ፣ መቀልበስ» የሚለውን ዲስ ጨምረው ጾም መፍታት የሚል ግስ አወጡ። ፈረንሳይኛ ይህን ግስ ወርሶ፣ በአነባበብ ልዩነት ብቻ፣ ሁለት ቃል አደረገው። አንዱ ዴጀነ ሆነ። ሌላው ዲስነር ሆነ፣ ባሕር ተሻግሮም የእንግሊዞች ዲነር ሆነ። ስፓኒሾች በበኩላቸው ዛሬም ቁርስን ዴሳዩኖ ይሉታል፤ ጾም መፍቻ።

ይህ ማለት ዲነርም ብሬክፋስትም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ጾም መፍቻ። አንዱ በላቲን ልብስ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ልብስ። ዲነር የቀኑ የመጀመሪያ ትልቅ ማዕድ ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። ድሮ ከቀትር በፊት ወይም ቀትር ላይ ይበላ ነበር። ሀብታሞቹ እያረፈዱ፣ እያመሹ ሄዱ፣ ስሙንም ይዘውት ወደ ማታ ወረዱ። የፈረንሳዩ ዴጀነም እንደዚሁ ከጠዋት ወደ ምሳ ሸሸ። ጠዋት ላይ ቦታው ባዶ ሲቀር «ትንሹ ዴጀነ» ብለው ሌላ ስም ሰፉለት።

ይህን በአንድ ጥቅስ ማየት ይቻላል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ዓሣ ሲፈልጉ አድረው፣ ሲነጋ ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና ዳቦ አዘጋጅቶ ይጠራቸዋል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጥሪውን ዳይን በሚለው ግስ አስቀመጠው፤ የዲነር ግስ ነው። የዘመናችን እንግሊዝኛ ትርጉሞች ብሬክፋስት ይላሉ። የኛ አማርኛ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ይላል። አንዱ ዓሣ፣ አንድ ጠዋት፣ ሦስት ስም። የ1611ዱን ጽሑፍ በዛሬ ጆሮ የሚያነብ ሰው ራት ይመስለዋል፤ ጸሐይ ግን ገና መውጣቷ ነው። ስለዚህ ቆየት ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ዲነር ሲያገኙ ወዲያው ራት ብለው እንዳይተረጉሙ። መጀመሪያ ሰዓቱን ይፈልጉ።

ወደ አነባበቡ ልምጣ። እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ብሬይክ-ፋስት ነበር የምለው፣ ያውም ጮክ ብዬ። ትክክለኛው ወደ ብሬክፍስት ይጠጋል። ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው፣ ፋስት የነበረው ደግሞ ተሟሽሾ ፍስት ሆኗል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለት ቃላት ተጋብተው አንድ ሲሆኑ እንግሊዝኛ ሁለተኛውን ያደክመዋል። ከፕና ቦርድ ተጋብተው ከበርድ ሆኑ፤ ማንም ከፕቦርድ አይልም። ሁለተኛ፣ ረጅም አናባቢ ከኋላው ሁለት ተነባቢ ሲደረደርበት ድሮ ያጥር ነበር። ክራይስት ብቻውን ክራይስት ነው፣ ክሪስማስ ውስጥ ግን አጠረ። ሺፕ፣ ማለትም በግ፣ ከእረኛው ጋር ሲጋባ ሼፐርድ ሆነ። ቫይን ከቦታው ጋር ሲጋባ ቪንየርድ ሆነ። የብሬክም አናባቢ «ክ» እና «ፍ» ተደርድረውበት ገና በመካከለኛው ዘመን አጠረ፣ አጥሮም ቀረ። ብቻውን የቀረው ግስ ግን የራሱን መንገድ ሄዶ ብሬይክ ሆነ። ሆሄው የድሮውን ይዞ ስለቀረ ነው ዓይናችን ጆሯችንን የሚያሳስተው።

ደስ የሚለው፣ ሙሉው አነባበብም አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ አይሁድ ከዮም ኪፑር ጾም በኋላ ማታ የሚበሉትን ማዕድ ሁለቱንም ቃል እየረገጡ ብሬይክ-ፋስት ይሉታል። ቃሉ ያው ነው፣ ሥሩም ያው ነው። አንዱ ግን ገና ጾሙ ይሰማዋል፣ ሌላው ረስቶታል። እንቁላሉን እየጠበሰ «ጾሜን ልስበር» ብሎ የሚያስብ እንግሊዛዊ የለም።

እንግዲህ ቁርስ። ሦስተኛው ሰው «ቆረሰ ማለት ብሬክ ነው» ሲሉ ግሱን አልሳቱም። ቁርስ ከቆረሰ ነው የወጣው፣ ይህ አያጠራጥርም። ቆረጠ ቁርጥ እንደሚል፣ ቆለፈ ቁልፍ፣ ቆጠረ ቁጥር እንደሚል፣ ቆረሰም ቁርስ ይላል። ወንድሙም ቁራሽ ነው። የሳቱት ምን እንደሚቆረስ ነው። ቆረሰን ጾም ላይ ተጠቅመው ይሞክሩት። «ጾም ቆረስኩ» ያለ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ጾም ይያዛል፣ ይፈታል፣ ይገደፋል። የሚቆረስ ዳቦ ነው። እንግሊዝኛ ለዳቦም ለጾምም ብሬክን ስለሚጠቀም ነው ሁለቱ ቃላት የተገናኙ የመሰሉት። አማርኛ ግን ግሶቹን ለይቶ አስቀምጧል። ቁርስ ከብሬክፋስት ቢተረጎም ኖሮ ዛሬ ጠዋት ጠዋት «ጾም መፍቻህን በላህ?» እንባባል ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ግን ከእናቶቻችን ቤት አለ። የቡና ቁርስ።

ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ገደማ ነው እንበል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ቡናው ተቆልቶ ጢሱ በየአፍንጫው ዞሯል፣ ጀበናው ተጥዷል። እዚህ ጋ አንዷ ልጅ ትላካለች፤ «የቡና ቁርስ አምጪ።» ይዛ የምትመጣው ቆሎ ነው፣ ወይ ፈንዲሻ፣ ወይ የተቆረሰ ድፎ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምሳውን ከበላ ሰዓታት አልፈዋል። የሚሰበር ጾም የለም። ጠዋትም አይደለም። ቁርስ የሚለው ቃል ግን እዚያ ተዝናንቶ ተቀምጧል፤ ከትኩስ ነገር ጋር ቆረስ የሚደረግ ትንሽ ምግብ። በኔ ግምት ይህ የቃሉ የቆየ ትርጉም ነው፣ የጠዋቱ ማዕድም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ጠዋት ምድጃ ተነድዶ ወጥ እስኪሠራ ማን ይጠብቃል? ካደረው ዳቦ ይቆረሳል።

ሌላም ፍንጭ አለ። እንደ ሥርዓቱ የሚጾም ሰው በጾም ቀን ቁርስ የለውም። ቅዳሴ ወጥቶ ከቀትር በኋላ ጾሙን ሲፈታ ያ የመጀመሪያ ማዕዱ ነው፤ በእንግሊዝኛው ሥር ከሄድን ዋናው ብሬክፋስት ያ ነበር። እኛ ግን ቁርስ አንለውም። ቁርስና ጾም መፍቻ በአማርኛ ከመገናኘት ይልቅ ይሸሻሻሉ።

ለአማርኛው የሚቀርበው ዘመድ እንግሊዝኛ ሳይሆን ጀርመንኛ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ይጠይቁ። ቁርስ ፍሩሽቱክ ነው። ፍሩ ማለዳ፣ ሽቱክ ቁራጭ። የማለዳ ቁራሽ! ማንም ከማንም አልኮረጀም። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚቆርስ ሁለት ሕዝብ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሰ፣ ያ ብቻ ነው። የስዊድኑ ፍሩኮስት ግን የዚህ ቃል ተወራጅ አይደለም፤ ከሰሜን ጀርመን ቋንቋ (ሎው ጀርመን) የተወሰደ «የማለዳ ምግብ» ነው። ዴንማርክ ሲደርስ ግን ፍሮኮስት ምሳ ይሆናል፣ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠንቀቁ።

እንግሊዝኛን የሚመስለው ደግሞ ዓረብኛ ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ የሠራች እህት ፈጡር ወይም ፉጡር የሚለውን በየጠዋቱ ሰምታዋለች። ቁርስ ማለት ነው። ከኢፍጣር ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ጾም መፍቻ። የኛ አገር ሙስሊሞች «አፈጠርን»፣ «ማፍጠሪያ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። የዓረብኛው ሥር መሰንጠቅም መፍጠርም ማለት ነው፣ ስለዚህ የኛ ፈጠረና ፈጣሪም ከዚያ ቤት ሩቅ አይደሉም። እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን በዕብራይስጥ የሚሉት ግን «የጠዋት ማዕድ» ብቻ ነው። ጾምም ዳቦም የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልጆቹ ጥምር ቃል መፍታት ከጀመሩ በኋላ ማቆሚያ የላቸውም። ሁሉንም ቃል መሰንጠቅ ያምራቸዋል። ሁሉም ግን አይሰነጠቅም። ማሽሩም ውስጥ ሩም፣ ማለትም ክፍል፣ የለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ተወስዶ የእንግሊዝኛ መልክ የተሰጠው ነው። ሀምበርገር ውስጥም ሀም፣ የዓሣማ ሥጋ፣ የለም። ሀምቡርግ ከሚባለው የጀርመን ከተማ ነው ስሙ። ይህን የምለው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በስሙ ምክንያት ሀምበርገር ሳይቀምስ የኖረ ሰው አውቃለሁ፣ ሥጋው የበሬ መሆኑ እየተነገረው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ይታያል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጆሮ ላይ የሚጥም ትርጉም ሲመጣ ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምር።

የቃል ሥር ሊያደርግ የማይችለውም አለ። ጠዋት የጾመ ሰው ብቻ ነው ብሬክፋስት የሚበላው ማለት አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፍሪጅ ከፍቶ የበላ ሰውም ጠዋት ብሬክፋስት ይበላል፣ ማንም አይከሰውም። ሥሩ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይነግረናል። ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረን ግን የሚጠቀምበት ሰው ነው። ለንደን ውስጥ ሆቴሎች ቀኑን ሙሉ ብሬክፋስት ብለው ለጥፈው እንቁላልና ባቄላ ከሰዓት ሲሸጡ የሚውሉት ለዚህ ነው። ብራንችን የፈጠሩትም ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው፤ በ1895 አንድ ጸሐፊ እሑድ ማርፈድ ለሚወዱ ሰዎች ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ሰፍቶ በስሙ ተከራከረላቸው።

የማደርገው ምን ነበር፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን? ነገ ክፍል ገብቼ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስህተት ነው» እላለሁ፣ ልጁን በስሙ እየጠራሁ፣ እሱ እንዳነሳው እየመሰከርኩ። «ብሬክ ሰበረ፣ ፋስት ጾም፣ የሌሊቱ» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁዳዴን አላነሳም፣ ካነሱት ብቻ እመልሳለሁ። አንድ ቃል አድርገው እንዲጽፉት፣ ብሬክፍስት ብለው እንዲያነቡት አስደርጋለሁ። ብሬክ ፋስት ተብሎ ተለያይቶ ከተጻፈ ጾም ፈታ የሚል ሐረግ ነው የሚሆነው፣ ግስ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካሳየኋቸው አይረሱትም፤ ፋጡማ በረመዳን ማታ ጾሟን ትፈታለች፣ በሌላው ቀን ጠዋት ቁርሷን ትበላለች። መጀመሪያው ሁለት ቃል፣ ሁለተኛው አንድ ቃል።

ትርጉም ላይም ቆፍጠን ይበሉ። ብሬክፋስት በአማርኛ ቁርስ ነው፣ አለቀ። ሥሩን አገኘሁ ብሎ «ጾም መፍቻ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት፣ በፈገግታም ቢሆን። ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲሄዱ ደግሞ የቡና ቁርስን ኮፊ ብሬክፋስት እንዳይሉት። አንዴ አንድ የትርጉም ሥራ ሳርም ይህንኑ አግኝቼ፣ የውጭ አገር እንግዳው ከሰዓት በኋላ ኦሜሌት ሲጠብቅ ታይቶኛል። ስናክ ይበሉት። ፈንዲሻ ነው የሚመጣለት።